ክብር ለሃያ ሰው ሰርቨር አምባሳደሮች

ባለፈው ሳምንት፣ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ አንድ የማይንክራፍት ሰርቨር (በኩብ የሚገነባበት ጌም ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ዓለም) ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ መተግበሪያ ከተሰባሰበ አንድ ትልቅ ማኅበረሰብ ጋር «የቆየውን ታሪካዊ ግንኙነት ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር» መስማማቱ በጋራ መግለጫ ተበሠረልን። መግለጫው የተላከው የአባላቱን ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ በሚያስጮኸው ጥሪ በመሆኑ፣ በማግስቱ ፈተና ያለበት ተማሪም፣ ሕፃን አስተኝታ ገና ጎኗን ያሳረፈች እናትም፣ ጌሙን ከተወ ዓመት ያለፈው ሰውም ከየአልጋቸው ተነሥተው የዚህ ታላቅ ቀን ምስክር ለመሆን በቅተዋል። እንዲህ ያለው ብሥራት ለእናንተም እንደደረሳችሁ አልጠራጠርም። የሰርቨሩ ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ መግለጫውስ አንድ ነው፤ «በመከባበር ላይ የተመሠረተ»፣ «ሁለንተናዊ»፣ «ለቀጣዩ ምዕራፍ»፣ ከሥር ደግሞ የሁለት እጆች መጨባበጥ ምስል።

እኔ በበኩሌ ይህን ታታሪነት ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። የማይንክራፍት ሰርቨር ፕሮግራም እንደተጫነ፣ ባለቤቱ ቁጥሩን ካልለወጠው በቀር፣ የሚያስገባው 20 ተጫዋች ብቻ ነው። ሃያ ሰው ማለት በሥራ መውጫ ሰዓት አንድ ሚኒባስ ታክሲ «ተጠጋጉ» እየተባለ የሚጭነው ሕዝብ ነው። ይህን የሚያህል ሕዝብ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ፣ የኃላፊው ምክትል፣ ቃል አቀባይና የፕሮቶኮል ሹም አሟልቶ ሲገኝ ማየት የአስተዳደር ጥበብ የት እንደደረሰ ያሳያል። ዲስኮርድ ለአንድ ቡድን እስከ 250 የማዕረግ ዓይነት ስለሚፈቅድ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከአሥራ ሁለት በላይ ማዕረግ ይደርሰዋል፤ አስተዳዳሪዎቻችንም ይህ ሀብት እንዳይባክን ሌት ተቀን ይተጋሉ።

ከማውቃቸው እርቆች ሁሉ ልቤ የሚያደላው ግን ለአንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቶቹ ግን እየኮሩ ያነቡታል ብዬ አምናለሁ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ በትልቁ ማኅበረሰብ ውስጥ ስሙ የማዕረግ ምልክት በሆነው አረንጓዴ ቀለም ይጻፍለት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሲነቃ ግራጫ ሆኖ አገኘው። ይህን የሉዓላዊነት ጥሰት በዝምታ ማለፍ ስላልተቻለ ሰርቨሩ አምባሳደሩን ለምክክር ጠራ፤ አምባሳደሩ የአስተዳዳሪው ሁለተኛ አካውንት ስለነበር ጥሪው ሳይዘገይ ደረሰው። ትልቁ ማኅበረሰብም በአጸፋው የሰርቨሩን አድራሻ ከወዳጅ ሰርቨሮች ዝርዝር ሰረዘ። ሰርቨሩ ደግሞ በመግቢያው አደባባይ በኳርትዝ የታነጸውን፣ ሦስት ፎቅ ያለውን፣ ከምረቃው ቀን ወዲህ ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም ያልገባበትን የማኅበረሰቡን ኤምባሲ በቲኤንቲ አፈነዳው። ፍንዳታው አጠገቡ የነበረውን የስንዴ እርሻ ይዞት ሄደ፤ ስለ አረንጓዴውም ሆነ ስለ ግራጫው አንዳች ያልሰማው ምስኪን ገበሬ የካሳ ጥያቄውን አቅርቦ እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃል።

ከስምንት ወር ኩርፊያ በኋላ ከሦስተኛ ሰርቨር ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ታላቁ ሽማግሌ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ድርድሩ በገለልተኛ ምድር እንዲካሄድ ተወሰነና ሁለት ሳምንት «በየትኛው የጨዋታ ስልት ይሁን?» በሚል ክርክር አለፈ። ያለ ገደብ በሚገነባበት በክሪኤቲቭ ከሆነ ሰው ሁሉ መብረር ስለሚችል፣ ከፍ ብሎ የበረረው ልዑክ ዝቅ ብሎ የቆመውን እንደናቀ ይቆጠራል፤ በሕይወት ለመቆየት በሚታገልበት በሰርቫይቫል ከሆነ ደግሞ ሲመሽ ዞምቢ ይመጣል። በመጨረሻ በሰርቫይቫል፣ ግን በቀን ብርሃን ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የማይንክራፍት አንድ ቀንና ሌሊት በእኛ ሰዓት 20 ደቂቃ መሆኑን፣ ቀኑም ከዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ከአምባሳደሮቹ መካከል ያስታወሰ አልነበረም፤ ክቡራን ናቸውና ጌሙን ከተጫወቱት ቆይተዋል። የመጀመሪያው የልዑካን መሪ «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ፣ የሁለቱን ወገኖች የጋራ ታሪክ ከጥንት አንሥቶ (ጥንት ማለት ካለፈው ክረምት ነው)፣ ወደ ዋናው ነጥብ ሊገባ ሲል ፀሐይ ጠለቀች። ሌሊቱን ለመዝለል ደግሞ በዚያ ዓለም ያለው ተጫዋች ሁሉ አልጋ ላይ መተኛት ነበረበት። ማን ቀድሞ ይጋደም የሚለው የፕሮቶኮል ጥያቄ መፍትሔ ሳያገኝ፣ አንድ ክሪፐር (ሰው ተጠግቶ የሚፈነዳ የጌሙ ጭራቅ) ያለ ግብዣ ገብቶ፣ ከልዑካኑ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ፈነዳ። ሁለቱም ወገኖች ድርጊቱን የሦስተኛ ወገን ሴራ ነው ሲሉ በአንድ ድምፅ አወገዙ። የመጀመሪያው ስምምነት የተገኘው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ሰነድ አሥራ አራት አንቀጾች አሉት፤ ዘጠኙ ምስጋና ናቸው። አምስተኛው አንቀጽ የአስተዳዳሪው ስም ወደ አረንጓዴ እንዲመለስ፣ ሆኖም የትልቁ ማኅበረሰብ ክብር እንዳይነካ አረንጓዴው ጥቂት ፈዘዝ እንዲል ይደነግጋል።

የዚህ ብስለት ዋጋ የሚገባው የሌሎችን ኋላ ቀርነት ላየ ሰው ነው። ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጌም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 የአንድ ይዞታ ክፍያ ሳይፈጸም በመቅረቱ በተነሣ ውጊያ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ከ20 ሰዓት በላይ ተታኩሰው፣ በወቅቱ ግምት 300,000 ዶላር ገደማ የሚያወጡ መርከቦች ወድመዋል፤ እነዚያስ ቢታረቁ የሚታረቁበት ነገር ነበራቸው። ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ለ72 ሰዓት በአንድ የጋራ ሸራ ላይ ቀለም ሲጥል፣ የጀርመን ባንዲራ እየሰፋ ሄዶ የፈረንሳይን ባንዲራ ተጋፋ። ኋላ በመጋጠሚያው ላይ የአውሮፓ ኅብረት ባንዲራና ነጭ ርግብ ተሥለው ነገሩ በረደ። እንግዲህ ሥነ ሥርዓት አለማወቅ ማለት ይህ ነው! ሰው ሁሉ በየደቂቃዎቹ አንዳንድ ነጥብ እየጣለ ሰላም ሲያወርድ፣ ለአንድ እንኳ የልዑካን መሪ የንግግር ዕድል አልተሰጠም።

ተጫዋቾቹማ አልተጣሉም ነበር። ኩርፊያው በጸናባቸው ወራት ከሁለቱም ወገን የመጡ ልጆች አንድ ጓደኛቸው በራሱ ኮምፒውተር ላይ በከፈተው ሰርቨር እየተገናኙ ድልድይ ሲሠሩ ከርመዋል። ታረቁ ሲባሉ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከአሥራ አራቱ አንቀጾች አንዱም የማያነሣው ጉዳይ ግን አለ። ከቀለሙ ጠብ ቀደም ብሎ አንዲት ታዳጊ ተጫዋች፣ በትልቁ ማኅበረሰብ ውስጥ ማዕረግ ያለው አንድ ጎልማሳ በግል መልእክት እየተከታተለ እንደሚያስቸግራት ማስረጃ ይዛ አመለከተች። የሁለቱም ወገን ሹማምንት ሰሙ። መልሳቸው ልጅቷን «ሰላም በማደፍረስ» ማገድ ነበር፤ አብረዋት የጠየቁ አራት ልጆችም ታገዱ። አሁን እርቁ ሲወርድ «ያለፈውን ለታሪክ ትተን» ይሉናል። ለታሪክ የሚተዉት በእነሱ ላይ የደረሰውን በደል አይደለም፤ በእሷ ላይ የደረሰውን ነው። በአገራችን ሽምግልና ቢያንስ ተበዳይ ተጠርቶ ይቀርባል፣ በዳይም ፊቱ ሲነገረው ይሰማል። እዚህ ግን ሁለት ባለማዕረጎች ሲተቃቀፉ ልጅቷን በመካከላቸው ደፈጠጧት። ሰውየው ዛሬም እዚያው አለ፣ ማዕረጉም አልተነካም። ይህን እያወቀ ዝም ብሎ፣ በኋላ የእጅ መጨባበጥ ምስል የለጠፈ አዋቂ ሁሉ ሰው ፊት መቆም ሊያሳፍረው ይገባል።

ምስጋናዬን ላጠናቅቅ። በማይንክራፍት የአንድን ተጫዋች እገዳ ማንሣት አንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ትእዛዙና የተጫዋቹ ስም፣ ሌላ ምንም። ለአምስት ልጆች አምስት መስመር ይበቃል፤ በዝግታ ለሚጽፍ ሰውም ቢሆን ከአንድ የማይንክራፍት ቀን አያልፍም። ይሁን እንጂ የሰርቨሩ ቃል አቀባይ ጉዳዩን አስመልክቶ ለቀረበላቸው ጥያቄ እንዳብራሩት፣ እነዚህን መስመሮች የሚያጠና ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው ሥራውን የሚጀምረውም የአባላቱ ስም በምን ቀለም እንደሚጻፍ ከስምምነት ላይ ሲደረስ ነው።