ቀዳች ወይስ ከዳች?

በቅርቡ የወጣ አንድ ነጠላ ዜማ አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁ። ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ጤፍ ዋጋ እስካሁን አልለየሁም። ወቀሳ እንዳይመስላችሁ፤ ለሚክሲንግ (የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ የማዋሃድ ሥራ) ባለሙያዎቻችን የማቀርበው ምስጋና ነው።

ምን ዓይነት ፍትሕ አዋቂዎች ናቸው! ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ሳክስፎኑ፣ ሦስቱ ኪቦርድና ድምፃዊው እኩል ይጮኻሉ፤ ማንም ከማንም አያንስም። ቤዝ ጊታሩና በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ከ100 ኸርዝ በታች፣ በወፍራሙ የድምፅ ክልል፣ ስለሚጋፉ አንዱ ለሌላው ስፍራ ይልቀቅ፣ ክራሩ ወደ ግራ፣ ማሲንቆው ወደ ቀኝ ገለል ይበል የሚሉ ምቀኞች አሉ። ከአንድ መሶብ ለሚበላ ሕዝብ እንዲህ ያለ የድርሻ ክፍፍል ነውር ነው።

ለቅኔ የዋሉት ውለታ ደግሞ ይለያል። አባቶቻችን ወርቁን በሰም ሸፈኑ፤ ሰሙ ግን ይሰማ ነበር። የዘንድሮው ባለሙያ ሰሙንም ወርቁንም በሪቨርብ፣ በሰው ሠራሽ የገደል ማሚቶ፣ ቀብሮ ተገላገለ። «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት ጆሮ የሚፈልገው ፍንጣቂ በብዛት ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ሰፈር ይገኛል። እዚያ ኪቦርዶቹና የድራሙ ሲምባል ቀድመው ሰፍረዋል። እናም በአዝማቹ ላይ ልጅቷ «ቀዳች» ይሁን «ከዳች» የሚያውቅ የለም። ለሠርግ ቤት ሁለቱም ያስጨፍራል።

የሚያሳዝኑኝ የ1960ዎቹ ሙዚቀኞች ናቸው። የሙዚቃ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ስሙ፦ ትራክ (ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት መስመር) አጥሮባቸው፣ ሳክስፎኑ ድምፃዊው ስንኙን እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ገብቶ ይመልስና ይወጣል። ወረፋ መያዝ! ዛሬ ኮምፒውተሩ መቶ ትራክ ሲችል ማን ማንን ይጠብቃል?

ማስተሪንጉማ፣ ዜማው ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ የተለየ ጀግንነት ነው። ዝቅ ያለውን ሁሉ ከፍ ካለው ጋር ጨፍልቆ ግድግዳ ያደርገዋል። ዩቲዩብ ከልክ በላይ የጮኸውን በራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ ጩኸቱ በር ላይ ይወረስና ጭፍልቁ ብቻ ለእኛ ይደርሰናል።

አንድ የማውቀውን ባለሙያ «ድምፃዊውን ጥቂት ጎላ ብታደርገው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ግጥሙ እኮ ከቪዲዮው ሥር ተጽፏል» አለኝ። ገብቼ አየሁ፤ «ቀዳች» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ አድማጭ፣ «ወንድሜ፣ እኔንም ከድታኛለች፤ አይዞህ» ብሎ ጽፏል።