ማስተካከያ፦ ፊት ላይ ቡጢ በየትኛው ቴኳንዶ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ብርሃን ላሉ ጀማሪዎች ብዬ ካራቴን፣ ጁዶንና ቴኳንዶን ሳወዳድር ተሳስቻለሁ። «በቴኳንዶ ውድድር ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቀዳል» ብዬ ነበር።

ኦሊምፒክ ላይ በምናየው በወርልድ ቴኳንዶ ደንብ ጭንቅላት የሚመታው በእግር ብቻ ነው። ቡጢ የሚፈቀደው የደረት መከላከያው ላይ ነው፤ የሚያስገኘውም 1 ነጥብ። ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ ግን ቢያንስ 3 ያስገኛል። ፊት ላይ ቡጢ ያለው አይቲኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) በሚባለው ሌላ ድርጅት ስልት ነው። ምንጬ የሁለቱ የውድድር ደንብ ነው።

ራሱን ለመከላከል ለሚሠለጥን ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፊቱ ላይ ቡጢ እንደማይመጣ የለመደ ተጋጣሚ እጁን ወገቡ ድረስ ጥሎ ይዘላል። ሰፈር ውስጥ ግን ቀድሞ የሚመጣው ቡጢ ነው። (ዱላ ካልሆነ ማለቴ ነው፤ የኛን አገር ታውቁታላችሁ።)

ጽሑፌን አምናችሁ የተመዘገባችሁ፣ አሠልጣኛችሁን የትኛውን ደንብ እንደሚከተል ጠይቁት። ወርልድ ቴኳንዶ ከሆነ አትተዉት፤ እጃችሁን አገጫችሁ አጠገብ አድርጋችሁ፣ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ከቦክስ ልጆች ጋር ጥቂት ዙር ጨምሩበት። ስለ ካራቴና ጁዶ የጻፍኩት እንዳለ ነው።