ወንድሙን ገንዘብ ያደረገ

አንዳንድ ሰው ወዳጅ ማፍራት ብቻ ነው የሚያውቀው። ወዳጁ ሲታመም ይጠይቃል፣ ሲደላው አብሮ ይስቃል፣ ሲከስር አብሮ ይቆዝማል። ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሮ አንዲት ሳንቲም አያተርፍበትም። ይህ እንግዲህ ብክነት ነው። ደግነቱ፣ ይህን ብክነት ለማስቀረት ታጥቀው የተነሱ ወንድሞች በየኅብረታችን አሉ። (እህቶችም አሉ። በዚህ ጸጋ ወንድ ሴት የለም።)

ሥራው በመልእክት ይጀምራል። ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ የከረመ ወንድም ድንገት ብቅ ይላል። «ወንድሜ፣ ዛሬ ስጸልይ በልቤ መጣህ።» ልብህ ይነካል። የማን ልብ አይነካም? ከዚያ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ጤና ይጠየቃል፣ ሥራ ይጠየቃል። ሥራ ላይ ሲደርስ ግን ረጋ ይላል። «ገቢህ ይበቃሃል?» እዚህ ጋ በልቡ የመጣኸው ከስልኩ ማውጫ፣ በፊደል ተራ እንደሆነ ትጠረጥራለህ። አትጠርጥር። ጌታ በፊደል ተራም ይሠራል።

የጥበቡ ቁንጮ ግን የጸሎት ርዕስ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ሌላው ሰው የጸሎት ርዕስ ሲሰማ ሸክም ይሰማዋል። ወንድማችን ገበያ ይሰማዋል። ወንበራችንን በክብ አድርገን ተቀምጠናል። አንዲት እህት «ከሥራ ተቀንሻለሁ፣ የልጆቼ ክፍያ ደርሷል፣ ጸልዩልኝ» ትላለች። እንባዋ ይቀድማታል። እኛ አንገታችንን ደፍተን «ጌታ ሆይ» እንላለን። እሱ አንድ ዓይኑን ከፍቷል። «አሜን» ብለን ሳንጨርስ ወንበሩን ወደ እሷ ስቧል። «እህቴ፣ ጸሎትሽ ተመልሷል» ይላታል። መልሱ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ሰው ሰውን እያስመዘገበ ኮሚሽን የሚቀበልበት የኔትወርክ ንግድ ሥዕል። ከላይ አንድ ክብ፣ ከሥሩ ስድስት ክብ፣ ከስድስቱ ሥር ሌሎች ብዙ ትንንሽ ክቦች። መመዝገቢያ ክፍያ አለው። ከየት አምጥታ? ከዘመድ ትበደራ! «ዘር ሳይዘሩ ማጨድ የለም።» እኛ በየሳምንቱ ስንጸልይበት የከረምነውን ጉዳይ እሱ በአሥር ደቂቃ ቋጨው። ኮሚሽኑም እዚያው ታሰበለት።

ማቴዎስ 18 ላይ፣ ወንድምህ ቢሰማህ «ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ይላል። ሊቃውንቱ ይህን ስለ ዕርቅ ነው ብለው ሲተረጉሙ ኖሩ። ወንድማችን ግን እንደ ተጻፈ ፈጸመው።

ደግሞ ቅድመ አያት የለውም እንዳትሉ። ግያዝ አለ፣ የኤልሳዕ ሎሌ። ንዕማን ከለምጹ ድኖ፣ ደስ ብሎት፣ ስጦታ ካልተቀበላችሁኝ እያለ ሲለምን ነቢዩ እንቢ አለ። ግያዝ ይህ ሁሉ ምስጋና እንዲሁ ሊባክን ነው ብሎ አንጀቱ አረረ። ሠረገላውን በሩጫ ተከተለ። ሁለት ጎበዞች የነቢያት ልጆች መጥተውብናል ብሎ ለእነሱ ለመነ። ልብ በሉ፣ ለራሱ አልጠየቀም! ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ይዞ ተመለሰ። የንዕማን ለምጽም አብሮ መጣ። ይቺ የመጨረሻዋ ገጽ በስልኩ ማብራሪያ ላይ የለችም። ቦታ ስለማይበቃ ይሆናል።

ሒሳቡ ደግሞ እንዴት ያለ ራእይ ነው! አንተ ስድስት ሰው ታስገባለህ። ስድስቱ እያንዳንዳቸው ስድስት ያስገባሉ። እንዲህ እያለ ሲወርድ 13ኛው እርከን ላይ ከ13 ቢሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በምድር ላይ ያለነው 8 ቢሊዮን ገደማ ነን። ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ጀምሮ ስትሮጥ ያልጨረሰችውን ዓለም ወንድማችን በ13 ደረጃ አልፎት ይሄዳል። የጎደሉት ቢሊዮኖች ከየት ይመጣሉ? እሱ የእምነት ጉዳይ ነው።

እምነት ካለ ደግሞ የማይሆን የለም። አሜሪካ ውስጥ ኒው ኢራ የሚባል ፋውንዴሽን ነበር። ክርስቲያን ድርጅቶችና ኮሌጆች ገንዘባቸውን ያስቀምጣሉ፤ ስማቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ ቸር ለጋሾች እጥፍ አድርገው ይሰጧችኋል ተባሉ። ወንድም ለወንድም እየነገረ ተዳረሰ። ወንድም ከነገረህ በኋላ ሰነድ መጠየቅ ነውር ነው። አንድ ነውረኛ ግን አልጠፋም። አልበርት ሜየር ይባላል፣ በአንድ ክርስቲያን ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ መምህር ነበር። ሌላው ሲያመሰግን እሱ ወረቀት ያገላብጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ነገሩ ተናደ። ለጋሾቹ ስማቸው የማይታወቀው ስላልነበሩ ነው። መሥራቹ በ1997 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሜየርን የመሰለ ሰው በእናንተ ኅብረት ካለ ቶሎ ምከሩት። መንፈሱ ያጠራጥራል።

መነገድ ራሱ ምን ኃጢአት አለው? ምንም። ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ልድያ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር። ግን ልድያን ተመልከቷት! ሐዋርያውን በግድ ቤቷ አስገባችው፣ አሳደረችው። አንድ ክንድ ሐር እንኳ «በወንድም ዋጋ» አላለችውም። ቢያንስ ሉቃስ አልጻፈም። እንዲህ ያለ ሰው እጇ ገብቶ፣ በሄደበት ከተማ ሁሉ ዘመድ ያለው ሰው፣ ዝም ብላ አበላችው። መካሪ አጥታ ይሆን?

ጌታ ራሱ ሉቃስ 16 ላይ በዓመፃ ገንዘብ ወዳጆች አፍሩበት ብሏል። ወንድማችን ጥቅሱን በቃሉ ያውቀዋል። ገልብጦ ነው እንጂ የሚያነበው፣ በወዳጅ ገንዘብ ማፍራት። ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ያለውን ግን አይወደውም። ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን አትጥራ፣ ድሆችንና ጉንድሾችን ጥራ የሚለውን። ብድር የማይመልስ ሰው ምን ይሠራለታል? ከሥሩ ማንንም አያስገባም።

ባለፈው ወንድማችን ራሱ የጸሎት ርዕስ አቀረበ። አመሉ አልነበረም፣ ሁላችንም ቀና አልን። «ከሥሬ ያሉ ሦስት ነፍሳት ቀዝቅዘውብኛል» አለ። «ወሩ ሳያልቅ እንዲነቃቁ ጸልዩልኝ።» ጸለይን፣ ምን እናድርግ? ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። እነሱም አሜን አሉ።