በቃል አዝዞ በጽሑፍ የሚክድ አለቃ

ወገኖቼ፣ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ፣ ከሰንጋ ተራ ፎቆች እስከ ካዛንቺስ ቢሮዎች የምትውሉ አለቆችና ሠራተኞች፣ ስሙኝ። ትልቁን ሌባ ዐቃቤ ሕግ ይፈልገዋል፤ ለእርሱ ጊዜ የለኝም። ዛሬ የምወቅሰው «ጨርሰው፣ እኔ አለሁልህ» የሚለውን አለቃና እርሱን ያሳደግነውን ሁላችንን ነው።

አለቃውን ታውቁታላችሁ። ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩ የግዢ ሠራተኛውን ቢሮው ይጠራውና በሩን ይዘጋል። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰብሰብ ይላል፤ ሦስቱም ከአንድ ሱቅ እንደሚወጡ ሁለቱም ያውቃሉ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ደግሞ ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ እንድትቆርጥ በስልክ ይነገራታል። «ነገ ይገባል፤ በጀቱ እንዳይመለስብን ነው።» ወረቀት የለም፣ የሰማ ሦስተኛ ሰው የለም።

ከወራት በኋላ ኦዲተር ይመጣል። ኦዲተር ፊርማ ያነባል። ፊርማው የግዢ ሠራተኛው ነው፤ የንብረት ክፍሏ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ነው። የአለቃው ቲተር፣ ያ የስም ማኅተሙ፣ የትም አላረፈም። እርሱማ ስብሰባ ጠርቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልታገሥም» ይላል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ጭብጨባው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለለት የድሮ ሹም ቢያንስ የበላው በስሙ ነበር። የዛሬው በልቶ ሒሳቡን በሌላ ሰው ስም ያስቆርጣል።

እናንተ አለቆች፣ አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴል ተከራይታችሁ፣ አበል ከፍላችሁ፣ የሥነ ምግባር ሥልጠና ትሰጣላችሁ። ሠራተኛው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ትእዛዛችሁ ስማችሁን ይዞ ይወጣል? ነገሩ ሲበላሽ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ያላችሁበት አንድ ቃለ ጉባኤ መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛል? ካልተገኘ የሥልጠናውን አበል ለሌላ አውሉት።

በግል ድርጅት ያላችሁም ይህ የመንግሥት ቤት ጣጣ ነው ብላችሁ አትሣቁ። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ቆርጣችሁ፣ ከራሳችሁ የምትጨምሩትን 11 በመቶም ሳታስገቡ የምትቀመጡ አላችሁ። ሰውዬው የሚነቃው ሥራ ሲለቅ ነው። ሊለቅ ሲል ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን መያዣ ታደርጉበታላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ክፍያ ስጡት እያለ፣ እናንተ ችሮታ አስመስላችሁታል።

ሠራተኞች ሆይ፣ እስካሁን ራሳችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። «ታዝዤ ነው» ማለት አያድናችሁም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያዘዘው ይጠየቃል፤ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውም ይጠየቃል፣ ምናልባት ቅጣቱ ይቀልለት እንደሆነ ነው። እናንተ ግን ቢሮ ውስጥ «እሺ ጌታዬ» ብላችሁ፣ ማታ ሰርቪስ ላይ አለቃውን ስትቦጭቁት ታመሻላችሁ። ወንበሩ ለእናንተ የደረሰ ዕለትም ያያችሁትን ትደግማላችሁ። እስቲ ስሙን አስፍሮ የሚያዝ፣ ያለ ሰነድ አልፈርምም የሚል አለቃ ሲመጣላችሁ ምን ብላችሁ ተቀበላችሁት? «ግትር ነው፣ ሥራ አያስኬድም።» ስም የሌለው አቤቱታ ጽፎ ከቦታው ያስነሣው ከላይ ያለ ሰው ብቻ ነበር?

«ልጆች አሉኝ፣ እንጀራዬ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ለጀግንነት አያመችም። ስለዚህ ጀግና ሁኑ አልላችሁም፤ ጻፉ ነው የምላችሁ። አለቃ በቃል ሲያዝ፣ በትሕትና «ትእዛዙ በጽሑፍ ይድረሰኝ» በሉት። ብዙው ትእዛዝ እዚያው ይቀራል። አልጽፍም ካለ እናንተ ጻፉለት፦ «በዛሬው ቀን በቃል የሰጡኝን ትእዛዝ ከመፈጸሜ በፊት በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ትእዛዙ ምን እንደሆነ ዘርዝሩ፤ አታድበስብሱ። ነገሩ ወደ ሙስና ወንጀል ከዘለቀ ደግሞ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ አንብባችሁ፣ የሕግ ባለሙያ አማክራችሁ ግቡበት።

ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይሰጠው። መዝገብ ቤት ያለሽው እህቴ፣ አንቺም «አለቃ ሳያዩት አልቀበልም» አትበዪ፤ መቀበል ሥራሽ ነው። ቁጥር ያረፈበትን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡት። የቢሯችሁ መሳቢያ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አታውቁም።