ስልክ ቁጥሩን ተጋሩ፣ ደንበኛውን ተዉት

ካዛንቺስም ይሁን ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ትንንሽ የሶፍትዌር ቢሮዎች ወደ አንዱ ብትገቡ «ኮመን» የሚባል የጋራ ኮድ ማስቀመጫ ፎልደር አታጡም። ሁለት ፕሮጀክት ላይ የሚመሳሰል ኮድ ከታየ ወዲያው ወደዚያ ይወሰዳል። መደጋገም ነውር ነው ተብለን ነዋ የተማርነው። እኔ ግን ኮድ ስለተመሳሰለ ብቻ የጋራ ይሁን በሚለው አልስማማም። የጋራ መሆን ያለበት አብሮ የሚለወጠው ነው።

ስልክ ቁጥርን እንውሰድ። ለዓመታት ሞባይል በ09 ይጀምራል ብለን ነበር ኮድ የምንጽፈው። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር 07 መጣ። ቁጥሩን የምታጣራው የኮድ መስመር በየፕሮጀክቱ ከተገለበጠች አንዱ ይስተካከላል፣ ሌላው ይረሳል። ሰውዬው የገዛ ቁጥሩን በትክክል ጽፎ «የተሳሳተ ቁጥር» ይባላል። ደንቡ ለመላው አገር አንድ ነው፤ ኮዱም አንድ ቦታ ይቀመጥ። ጳጉሜንም እንደዚያው። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን መሆኗን አምስት ቦታ መጻፍ ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

«ደንበኛ» ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዴሊቨሪው አፕ ደንበኛ ማለት ስልክና «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» የሚል አቅጣጫ ነው። ለሒሳብ ክፍሉ ቲን ቁጥር ያለው ድርጅት ነው። ሁለቱም ስምና ስልክ አላቸው ብላችሁ አንድ ላይ ካሰራችኋቸው፣ ሒሳብ ክፍሉ «ቲን ግዴታ ይሁን» ያለ ቀን ሽሮ የሚያዝ ሰው ትዕዛዙ አያልፍለትም። ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖረው መሆኑ ነው፤ አንዷ ምጣድ በሰካች ቁጥር ሁሉም ይጨልምበታል። እዚህ ላይ ኮፒ ፔስት አያሳፍርም።

ከውጭ የምናወርደው ኮድም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ፕሮግራመሮች ዝግጁ ኮድ ከሚያወርዱበት ከኤንፒኤም ላይ ሲያነሳው፣ እሱ ላይ የተደገፉ፣ ቤብልን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ ቆመዋል። አሥራ አንድ መስመር እኮ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይቻላል። በሌላ በኩል የይለፍ ቃል ማመስጠሪያ እኔው ልጻፍ የሚል ካለ፣ እባካችሁ ላፕቶፑን ቀሙት። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ዓይን ካየው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይወሰድ፣ በራሱ እንዳይቀየር ቨርዥኑ ይቆለፍ፣ የደኅንነት አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ቶሎ ይታደስ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ባለቤቱ ነው። «ኮመን»ን የጻፈው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ፎልደሩን የሚነካ የለም፤ አንዱን ነክቶ የማንን ፕሮጀክት እንደሚሰብር አያውቅማ። ስለዚህ አዲስ ነገር ወደዚያ ከመግባቱ በፊት ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው ስም ይጻፍበት። ስም የሚሰጥ ከጠፋ ኮዱ ባለበት ፕሮጀክት ይቆይ።