የእኛው ሰው ናቸው፣ አሳልፏቸው!

በጥር ወር ደብረ ብርሃን ላይ የሠርግ ድንኳን በር መጠበቅ እንደ ሙያ ሊቆጠር ይገባዋል። ውጭ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ውስጥ ዶሮ ወጡ ይሸታል፣ አረቄው ይዞራል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በድንገት የሙሽራው ዘመድ ይሆናል። በሩ ላይ የሚቆሙት የሰፈር ጎረምሶች ባዕድ ሰው ሲያዩ አይቸገሩም፤ «ካርድዎን?» ይላሉ፣ ከሌለው ይመልሱታል።

ችግሩ ጋሽ እገሌ ሲመጡ ነው። ጋሽ እገሌን አገር ያውቃቸዋል። ስጦታ ይዘው አያውቁም፣ ሦስት ጊዜ ምግብ ያነሳሉ፣ ሲወጡ ጋቢያቸው ሲገቡ ከነበረው ይወፍራል። ጎረምሳው «ዛሬስ አላስገባም» ብሎ ምሎ ቆሟል። እሳቸው ግን ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፤ ጨብጠው ትከሻ ለትከሻ ይገጩታል፤ «አንተ! አባትህ ደህና ነው? ወገቡን ተሻለው?» ልጁ ምን ይበል? «ይግቡ ጋሼ!»

ካንሰርም የሰውነታችንን መከላከያ የሚያልፈው እንደዚሁ ነው። ባክቴሪያ ባዕድ ነው፣ አንገቱን ተይዞ ይወጣል። ካንሰር ግን እዚያው ግቢ የተወለደ፣ ዘረ-መሉ የተበላሸበት የራሳችን ሕዋስ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጭ እየወሰደ ደጁ ላይ ይሰቅላል፤ ቲ-ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ እየዞረ ያንን ያነባል። ያልተለመደ ነገር ካነበበ ይገድላል። ብዙ ጀማሪ ካንሰር ሳናውቀው እንዲህ ተቀጭቶ ይቀራል።

የሚያናድደው ነገር፣ በረኛው ጅሉን ጅሉን ለቅሞ ሲጨርስ የሚተርፈው የበሩን ጠባይ ያጠናው ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ደጁ ላይ የሚሰቅለውን ካርድ ቀዶ ይጥላል (ካርድ የሌለውን እያሳደደ የሚገድል ሌላ ሕዋስ ስላለ ይኼም አደጋ አለው)። አንዳንዱ «ተዉ እንጂ፣ ሠርግ ነው፣ አትረብሹ» የሚሉ አስታራቂ ሕዋሳትን በዙሪያው ይሰበስባል። እነዚህ በደህና ጊዜ የሚያስፈልጉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እዚህ ግን የሌባ ጠበቃ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ከሁሉም ግን የመጨባበጡ ዘዴ ይበልጣል። ቲ-ሴሉ ላይ ፒዲ-ዋን የሚባል እጅ አለ፤ ካንሰሩ ደግሞ ፒዲ-ኤል-ዋን የሚባለውን እጁን ይዘረጋል። ሁለቱ ሲጨባበጡ ያ ቁጡ ጎረምሳ ይበርዳል። ይህ የመጨባበጥ ፍሬን ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ ይህ ይሉኝታ ባይኖር መከላከያችን የገዛ አካላችንን ይበላ ነበር። ካንሰሩ የሚነግደው በጨዋነታችን ነው፤ እኔን በግሌ ያበሸቀኝ ይኼ ነው።

ፒዲ-ዋንን በ1992 (እንደ ፈረንጆቹ) ያገኘው የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ታሱኩ ሆንጆ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲቲኤልኤ-ፎር በተባለ ሌላ ፍሬን ላይ ሠርቶ፣ ሁለቱ በ2018 የሕክምና ኖቤልን ተካፈሉ። በአሊሰን ሥራ ላይ የተመሠረተው መድኃኒት በ2011፣ ፒዲ-ዋንን የሚዘጉት ደግሞ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። መድኃኒቶቹ ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉም። ጋሽ እገሌ እጃቸውን ሲዘረጉ የጎረምሳውን መዳፍ ሸፍነው ይይዙታል፣ በቃ። ቀሪውን ልጁ ያውቅበታል።

ለሁሉም ሰው ግን አይሠሩም። አንዳንዱ ዕጢ ውስጥ ቲ-ሴል ጭራሽ የለም፤ በር ላይ ማንም ካልቆመ የማንን መዳፍ ይይዛሉ? ዋጋቸውም የሠርግ ወጪን የሚያስረሳ ነው። ደግሞስ ይሉኝታውን የነጠቁት ጎረምሳ ጋሽ እገሌን ብቻ አስወጥቶ ይቆማል ያለው ማን ነው? ወጥ ቤት ገብቶ ወጥ ሠሪዋን ካርድ ይጠይቃል፤ የሙሽራውን እናት «እርስዎ ደግሞ የማን ወገን ነዎት?» ይላል። በታካሚው ላይ ይህ አንጀት ሲቆጣ፣ ቆዳ ሽፍ ሲል፣ ሳንባ ሲያብጥ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራውን ሲያቆም ይታያል። ያን ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒቱን ገታ አድርጎ የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ያዛል፤ ለልጁ ከይሉኝታው ቆንጥሮ ይመልስለታል።