ክብደቱን ብቻ አትዩ
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የካምፕ ምድጃ ስንመርጥ ክብደቱን እንድናስቀድም ይመክራል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ ብርድ እወቁ። ቡቴን፣ ማለትም በጣሳ የሚሸጠው የምድጃ ጋዝ፣ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ጣሳውን ስትነቀንቁት ፈሳሹ ይንቦጫረቃል፣ እሳቱ ግን ድርግም! አይሶቡቴን የሚባለው ሌላው የጣሳ ጋዝ ከዜሮ በታች እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ይታገሳል፤ ፕሮፔን የሚባል ጋዝ የተቀላቀለበት ደግሞ ይሻላል። ለባሰ ብርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራው ባለ ፓምፕ ምድጃ ነው የሚያዋጣው። ማቀጣጠሉ ያለፋል፣ እጅም ያጠቁራል፤ ቢበላሽ ግን እዚያው ፈታታችሁ ትጠግኑታላችሁ። አብሮ የተገጠመውን ማቀጣጠያ አትመኑት፣ ክብሪት ያዙ። ጣሳው አናት ላይ የሚገጠመውን ምድጃ ደግሞ ዙሪያውን በንፋስ መከላከያ አትዝጉት፤ ጣሳው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ድንኳን ውስጥማ ጭራሽ ምድጃ አታቀጣጥሉ!